የምትተኩሰው የሣር ማጨጃችን

መሥሪያ ቤቴ ከየካ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጡ፣ ቤቱ አልቆ ባህር ዛፉ ሊጀምር ሲል ያለ የሥልጠና ማዕከል ነው። ሠልጣኞች ከየክልሉ ይመጡና ሁለት ሳምንት እዚያው እያደሩ ተምረው ይመለሳሉ። እኔ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ማዕረጉ ረጅም ነው እንጂ ሥራው አጭር ነው፤ ቧንቧ ሲፈስ፣ አምፖል ሲቃጠል፣ አንሶላ ሲጎድል ሁሉም ወደ እኔ ይደውላል።

ግቢያችን ከሰው ይልቅ ሣር ይበዛበታል። ከዋናው በር እስከ መመገቢያ አዳራሹ ያለው መስክ ብቻውን የኳስ ሜዳ ያህላል። ክረምት ሲገባ ሦስት ሰዎች በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ይዘው ይያያዙታል፤ ከታች ጀምረው ላይ ሲደርሱ የታችኛው ቁርጭምጭሚት አልፎ ይጠብቃቸዋል። አምና ታዲያ አንድ የውጭ ድርጅት ጠቅልሎ ሲወጣ ዕቃውን ለጎረቤቶቹ አከፋፈለና፣ ለእኛ ተቀምጠው የሚነዷት የሣር ማጨጃ ደረሰችን። ቀይ ናት። መሪ አላት፣ ወንበር አላት፣ ከሆዷ ሥር ቢላዋ ይሽከረከራል። ጥበቃዎቹ ገና ከጭነት መኪናው ስትወርድ «ትራክተር» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራት የለም።

ማን ይንዳት የሚለው ብዙ አላከራከረንም። አትክልተኛችን ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ የእንጦጦ ሰው ናቸው። መኪና ቀርቶ ብስክሌት ነድተው አያውቁም፤ ግን መስኩ የት እንደሚረግብ፣ የት ድንጋይ እንደተኛ፣ ዝናብ ካባራ ስንት ሰዓት ቆይቶ ሣሩ ለቢላዋ እንደሚመች የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ወንበሩ ላይ ወጥተው ቀስ ብለው ሞከሯት። ከሰዓት በኋላ ስመለከት ገመድ የተዘረጋ ይመስል መስመር እያወጡ ሲያጭዱ ነበር።

የነዳጅ መስጫዋ እጀታ አጠገብ ሁለት ሥዕሎች አሉ፤ ከላይ ጥንቸል፣ ከታች ኤሊ። እጀታው ወደ ጥንቸሏ ሲገፋ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ወደ ኤሊዋ ሲመለስ ይረጋል። ጋሼ ከጥንቸሏ ጋር ነበር የሚውሉት። ቢላዋው ሣሩን አጥርቶ የሚቆርጠው ሞተሩ ሲፈጥን ነውና ልክ ነበሩ።

የመጀመሪያዋ ተኩስ ሐምሌ ላይ ናት። ሥራ አስኪያጃችን ሁለት እንግዶች ይዘው በዋናው በር ገቡ። እኔም ልቀበላቸው ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ጋሼ እዚያው አጠገብ እያጨዱ ነበር፤ መኪናው ሲቆም ትራክተሯን አጠፉና ወረዱ። ኮፍያቸውን ገና ከራሳቸው ሳያነሱ አንድ ነገር ጓ አለ።

በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ የሚስቅ የለም። አንደኛው እንግዳ መኪናው በር ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ጥበቃው ግንብ ተደግፏል። እኔ ራሴ አቃፊዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነበር፤ ወረቀት ጥይት የሚመልስ ይመስል። ከትራክተሯ ጎን ትንሽ ነጭ ጭስ ብን አለችና ጠፋች። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ማጨጃዋ ናት አልኳቸው። እንግዶቹ በትህትና ሳቁ።

በሳምንቱ አባ መጡ። አባ ከላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ ዙሪያውን ከመሄድ በግቢያችን ማቋረጥ ስለሚቀርባቸው በላይኛው በር ገብተው በታችኛው ይወጣሉ። ጋሼ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ትራክተሯን አጥፍተው መስቀል ሊሳለሙ ሮጡ። ከኋላቸው ጓ! አባ መስቀሉን እንደዘረጉ ቀሩ።

ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ እንዲሁ ሆነ። አንዴ ከመዝገብ ቤት የሚመጡ ሴትዮ ደነገጡና ደብዳቤዎቹ ሁሉ እርጥብ ሣር ላይ ተበተኑ። የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ ስታጭድ ስትውል ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነው፤ አታንኳኳም፣ አትቋረጥም። ድንገት ትተኩሳለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም።

ጉርድ ሾላ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ጠራሁ። ጎበዝ ሰው ነው፤ የማዕከሉን ጄኔሬተርም የሚያይልን እሱ ነው። መጀመሪያ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ አሳየኝ፤ ጥላሸት ለብሷል። «ሪች ነው የምትሠራው» አለኝ፤ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷታል ማለቱ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ይሄ የሚጠበቅ እንደሆነ አስረዳኝ። ካርቡሬተሩን አውርዶ አጠበ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ የቆየውን ቤንዚን ቀድቶ አዲስ ሞላ፣ ካንዴላውን ለወጠ። አስነሳት፤ ሁለት ዙር ነዳት፤ አጠፋት። ዝም። «ፐርፌክት» አለና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ሲወጡ ተኮሰችባቸው።

ለሁለተኛ ጊዜ ጠራሁት፤ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜም መጣ። በሦስተኛው ከእኔ ጋር ሁለት ሰዓት ቆመን ጠበቅናት። እሱ እያስነሳ፣ እሱ እየነዳ፣ እሱ እያጠፋ አሥር ጊዜ ሞከራት። አንዲት ጊዜ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔ ስኖር አትተኩስም፤ ቀረርቶዋ ለእናንተ ነው» አለኝ። የቀረው ሞተሩን አውርዶ ጋራዥ መውሰድና ሆዷን መክፈት ብቻ ነበር። ያ ደግሞ ክረምቱ እስኪያልቅ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን አስጠርተውኝ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ከተኮሰች መጋዘን ትግባ አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ከየቦታው የሚመጣ ሠልጣኝ ምን አይቶ እንደመጣ አይታወቅም፤ በየቀኑ ማስደንገጥ ነውር ነው።

በግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነስቷል። ጥበቃዎቹ ትራክተሯ መስቀል ስታይ ነው የምትጮኸው፣ ያደረባት ነገር አለ ይባባሉ ጀመር። ለሥራ አስኪያጁስ ለምን ትተኩሳለች ብላቸውም ወሬውን አልተዉትም። ወሬው አባ ጆሮም ደረሰ። አባ ሳቁና፣ «ሰይጣን ቤንዚን ሲጠጣ አይቼ አላውቅም» ብለው አለፉ።

ከሁሉ የተጎዱት ጋሼ ነበሩ። አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ ግቡ ስላቸው ጫማዬ ጭቃ ነው ብለው፣ እዚያው ሆነው ነገሩኝ። እኔን አልወደደችኝም አሉ። መካኒኩ ሲነዳት ዝም ትላለች፣ እኔ ስነዳት በሰው ፊት ታዋርደኛለች፤ ለሌላ ሰው ስጪያት። ለሌላ ሰው ልስጥ ብልም ሌላ ሰው አልነበረኝም።

እሑድ ምሳ ላይ ለአባቴ አጫወትኩት። አባቴ አርባ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶብስ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ የወጣው ላምበረት አውቶብስ ተራ አጠገብ ካለ ጋራዥ ነው። ያ ሁሉ ሞተር ጆሮውን በልቶታል። የጆሮ መሣሪያ ገዝተንለት እንደ እስክሪብቶ ሸሚዝ ኪሱ ላይ ሰክቶት ይዞራል፤ ጆሮው ላይ ሲያደርገው የሰሃን ድምፅ ያሳብደኛል ይላል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ወሬ የሚወራው በጩኸት ነው። ጎረቤቶቻችን የምንጣላ ሳይመስላቸው አልቀረም።

የትራክተሯን ነገር ጮክ ብዬ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስትነሳ ነው የምትተኩሰው፣ ስትሠራ ነው፣ ስትጠፋ?»

አላስተዋልኩም አልኩት።

«ታዲያ ምን ስታዪ ነበር?»

«ስደነግጥ ነበር፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀና ወጡን ቀጠለ። ምሳው ሲያልቅ ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ አለኝ። እንደ ጥያቄ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ቅዳሜ አይገቡም። ዳገቱ ይከብድሃል፣ መኪና እናምጣ ብለው አልሰማኝም፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ሊሰማኝም አልፈለገም። ባህር ዛፉን እየተደገፈ፣ ሦስት ጊዜ እያረፈ ወጣ። የኮቱን ቀኝ ኪስ የሆነ ነገር ወጥሮታል። ግቢ ስንደርስ አወጣው፤ ክንድ የሚያህል አሮጌ ካቻቢቴ፣ ብሎን መፍቻው፣ እጀታው ከብዙ መዳፍ የተነሳ እንደ ቅቤ የለሰለሰ።

ጋሼ ትራክተሯን አስነስተው ወረዱ፤ አባቴን እጅ ነሱ። አባቴ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተከለ፤ እጀታውን ደግሞ በጥርሱ ነከሰው። ዓይኑን ጨፈነ። ጋሼ ደንግጠው አዩኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። ቆይቶ ቦታ ቀየረ፤ እንደገና ነከሰ። በኋላ ሲነግረኝ ጆሮ ቢደክም አጥንት ይሰማል አለኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ጆሮው መድከም ከጀመረ በኋላ አሥር ዓመት የሠራው በጥርሱ እየሰማ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ለእኛም ጭምር።

ካቻቢቴውን አውጥቶ በመሐረብ ጠረገና ፈረደ።

«ይሄ ሞተር ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው።»

ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር አምጡልኝ አለ። ግንቡ ጥግ ፀሐይ ያለበት ቦታ ተቀመጠና ጋሼን እንደወትሮው እንዲያጭዱ በእጁ አመለከታቸው። እኔ ቢሮ ገብቼ ሥራዬን ጀመርኩ፤ በመስኮት ግን አየዋለሁ። መስኩን ሳይሆን የጋሼን እጅ ነበር የሚያየው። ወደ ግራ ሲዞሩ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ወደ ቀኝ፣ የኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው።

አንዴ ቢላዋው ሣር ተጠቀጠቀበትና ጋሼ ቆሙ። እጀታውን ወደ ኤሊዋ መለሱ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ዙሪያውን አዩ፣ ቁልፉን አዞሩ። ዝም። ሣሩን ጠርገው ቀጠሉ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ አባ በላይኛው በር ብቅ አሉ። ጋሼ መስኩ መሐል፣ ጥንቸሏ ላይ ናቸው። አባን ሲያዩ እጃቸው በቀጥታ ወደ ቁልፉ በረረ፤ አጠፉ፣ ዘለው ወረዱ። ጓ!

ተንደርድሬ ስወጣ አባቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ፊቱ በርቷል። «ሰማሁት» አለኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀስ ብሎ ለራሱ አለው፤ «ሰማሁት እኮ።» የተኩሱን ነገር ረስቼ እሱን ቆሜ አየሁት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው እንጃ፣ እኔ ሳልጮህለት የሆነ ድምፅ ራሱ መጥቶ ጆሮው ከገባ።

ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ያስፈልገኛል አለ። ሻይ ይዘሽላቸው ሂጂ ብሎ ላከኝ። ብርጭቆውን ይዤ ወደ መስኩ ስሄድ ጋሼ ከሩቅ አዩኝ፣ ቶሎ አጠፉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጓ! እንደሚመጣ እያወቅኩ እንኳ ግማሹን ሻይ እጄ ላይ ደፋሁት። ከኋላዬ አባቴ ሳቁን ለቀቀው፤ ስንት ዓመት ያልሰማሁት፣ ሆዱን ይዞ የሚስቀው ሳቅ።

ጋሼን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ የማይሰማ ሰው ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል።

«ለሰው ብለው ነው የሚያጠፏት፣ አይደለም?»

ጋሼ አዎ አሉ። ሰው እየመጣ ሞተር እያስጮኹ መቀመጥ አይሆንላቸውም።

አባቴ መሬቱ ላይ በካቻቢቴው እየጫረ አስረዳቸው። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ቁልፉ ሲዘጋ፣ የሚቋረጠው እሳቱ እንጂ ሩጫው አይደለም። ለጥቂት ጊዜ መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ሲሽከረከር ቤንዚን ይስባል፤ ያ ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው፣ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። ማርሚታው ደግሞ እንደ ምጣድ ግሏል። እዚያ ሲደርስ ይፈነዳል። ሣር ሲጠቀጠቅባቸው ግን የሚያስቸኩላቸው ሰው ስለሌለ ቀስ ብለው ቀንሰው ያጠፏታል፤ ለዚያ ነው ያኔ ዝም የምትለው። መካኒኩም እንደዚያው፤ መካኒክ ሁሉ ቀንሶ ነው የሚያጠፋው፣ እጁ ለምዶታል።

ጋሼ ጎንበስ ብለው የተጫረውን መሬት አዩ።

«እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

አባቴ ከንፈራቸውን አልተከታተለም ነበርና እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

«ጥፋት አይደለም» አለ። «ችኮላ ነው። ከደሴ የመጣ አውቶብስ እንኳ እንደቆመ አይጠፋም፤ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይጠበቃል። እርስዎም ኤሊዋ ላይ ያድርጓትና አንድ አባታችን ሆይ ያድርሱ፤ ከዚያ ያጥፉ።»

«አባ ቆመው እየጠበቁኝ?»

«አባ አባታችን ሆይን የሚጠሉ አይመስለኝም።»

ጋሼ ፈገግ አሉ፤ ከሐምሌ ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታ ነው። ወዲያው ሞከሩት። እኔ በሩ ድረስ እየሄድኩ እንደ እንግዳ እመጣለሁ፤ እሳቸው እጀታውን ይመልሳሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ያጠፋሉ፣ ይወርዳሉ። አምስት ጊዜ ገባሁ፣ አምስት ጊዜ ወጣሁ። አንድም አልተኮሰችም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ጸሎቱን አፍጥነውት ነበርና አባቴ ገና ነው፣ ገና ነው እያለ በእጁ ሲያዘገያቸው ነበር።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ምን ተሠራላት ብለው ጠየቁኝ። የጥገና ቅጽ ላይ «የተለወጠ ዕቃ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ብዙ አሰብኩና «የለም፤ የአጠፋፍ ሥርዓት ተሻሽሏል» ብዬ ጻፍኩ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ፈርመውም መለሱልኝ።

ነገሩ ለጥበቃዎቹ ግን ሌላ ትርጉም ሰጣቸው። ጋሼ ትራክተሯ ላይ ሆነው ሲጸልዩ አዩ፤ ትራክተሯ ደግሞ መተኮስ ተወች። ከዚህ በላይ ማስረጃ የት ይመጣል? ስለ ማርሚታው በደንብ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና አንደኛው፣ «እሱም አለበት፣ ግን ጸሎቱ ነው» አለኝ። አባ እንኳ ይህን ሰምተው፣ ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስንት ሰው ጸልይ ብዬ አልሰማኝም፣ ማጨጃ ሰማችኝ ብለው ሲስቁ ነበር። ሠልጣኞቹም ለመዱት። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ራሳቸውን ዝቅ ካደረጉ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ወርደው ኮፍያቸውን እስኪያነሱ የሚያልፍ የለም።

ለመካኒኩ መደወል ከብዶኝ ሳምንት አቆየሁት። ሦስት ጊዜ ዳገት አስወጥቼው መልሱ የቁልፍ አዟዟር ሆኖ መገኘቱ አሳፍሮኛል። ስነግረው «ሲምፕል ነገር!» ብሎ ራሱን ተሳደበ። እኔ ቀንሼ ስለማጠፋት እኮ ነው አለ፤ እጄን ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ማን እንዳገኘው ጠየቀኝና ስለ አባቴ፣ ስለ ካቻቢቴውም ነገርኩት።

በማግስቱ ሳይደውል ቤታችን መጣ። ጋራዡ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሚኒባስ ነበረው፤ ኮምፒዩተሩ ምንም የለበትም የሚለው፣ ባለቤቱ ግን ያንኳኳል የሚለው። አባቴን ትንሽ ይመልከቱልኝ ብሎ ለመነው። አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን በደንብ እንደሰማ አውቃለሁ፤ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

የሚኒባሱ ችግር የት እንደነበር አልነገሩኝም። አሁን አባቴ ረቡዕ ረቡዕ ጉርድ ሾላ ይውላል። የጆሮ መሣሪያውን ቤት ትቶት ነው የሚሄደው፤ እዚያ ሁሉም ስለሚጮህ አያስፈልገኝም ይላል። ማታ ሲመለስ ሸሚዙ ግራሶ በግራሶ ነው። እኔ እንዳላጥበው ገና ሲገባ በሩ ላይ ያወልቀውና ራሱ ገንዳው ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ፤ ግራሶው ጨርሶ አልለቀቀም።